የተጎዳ ጣት ይዞ ፑል መጫወት፦ ስቲኩ የሚያርፍበት እጅ ሲያም

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የምመታው በቀኝ እጄ ነው። ከሦስት ቀን በፊት ቅርጫት ኳስ ስንጫወት ኳሱ የግራ እጄን የመሃል ጣት ጫፉ ላይ መታውና መካከለኛው መጋጠሚያ አበጠ። ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፤ ወደ ጎን ሲገፋ ግን ያመኛል። በዚያው እጅ ሌባ ጣቴ ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል መካከለኛው መጋጠሚያ አጠገብ፣ ትንሽ የቢላ ቁርጥ አለ። ሁሌም ስቲኩን (መምቻ እንጨቱን) በሌባ ጣቴ ቀለበት ውስጥ አሳልፌ ነው የምጫወተው። ግጥሚያዬ የዛሬ ስድስት ቀን ነው። ጠበቅ አድርጌ አስሬ ልጫወት ወይስ ይቅርብኝ?»

በገለጽከው ልክ ከሆነ መጫወት ትችላለህ። አስረህ እንደ ወትሮው መጫወት ግን አያዋጣህም። ቀለበቱን ለጊዜው ትተህ በክፍት እጅ ተጫወት፤ ለዚያ ደግሞ ስድስት ቀን ይበቃል። ከዚያ በፊት ግን ጣቱ በእርግጥ «ቀላል» ጉዳት ላይ መሆኑን እንይ፤ «ይታጠፋል፣ ይዘረጋል» ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

የጣት መካከለኛ መጋጠሚያ ላይ፣ በጣቱ ጀርባ በኩል፣ ጣቱን የሚዘረጋ ጅማት አለ። እሱ ሲበጠስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጎንና ጎን ያሉት ጅማቶች ስለሚያግዙ ጣቱ ይዘረጋል። በሳምንታት ውስጥ ግን የጎኖቹ ጅማቶች ወደ ታች ይንሸራተቱና መጋጠሚያው ወደ ውስጥ ታጥፎ ይቀራል። ይህን ለመለየት የምግብ ጠረጴዛ ጠርዝ ይበቃል (የፑል ጠረጴዛ ጠርዝ ወፍራምና ለስላሳ ስለሆነ አይመችም)። መዳፍህን ወደ ታች አድርገህ የመሃል ጣትህ መካከለኛው መጋጠሚያ ጠርዙ ላይ 90 ዲግሪ እንዲታጠፍ አድርግ። በሌላው እጅህ መካከለኛውን አጥንት ከላይ ያዝና ጣቱን ለመዘርጋት ሞክር። ጤነኛ ጣት መሃሉ ላይ ጠንከር ብሎ ይገፋሃል፤ ጥፍሩ ያለበት ጫፍ ግን ልል ሆኖ ይንጠለጠላል። መሃሉ ከደከመና በምትኩ የጥፍሩ ጫፍ ግትር ብሎ ከቆመ ጅማቱ ሳይበጠስ አልቀረም። ያኔ ግጥሚያውን ተወውና ወደ ሐኪም ሂድ፤ በጊዜ ከተደረሰበት መጋጠሚያው ቀጥ ብሎ ለ6 ሳምንት ያህል ከታሰረ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል።

የቀሩት ፈተናዎች ፈጣን ናቸው። የጥፍሩን ጫፍ ብቻ ለይተህ ዘርጋው፤ ከወደቀና በራሱ ካልተነሳ የጫፉ ጅማት ነው፣ እሱም ለሳምንታት ይታሰራል እንጂ አይጫወቱበትም። መካከለኛውን አጥንት ያዝና ጫፉን እጠፈው፤ እምቢ ካለ በመዳፍ በኩል ያለው ጅማት ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል ቀን አትስጠው። ቀስ ብለህ ቡጢ ጨብጥና ጥፍሮችህን ተመልከት፤ ሁሉም ወደ አውራ ጣትህ ሥር ማየት አለባቸው። አንዱ በጎረቤቱ ላይ ከተሻገረ የተጣመመ ስብራት አለ ማለት ነው። አጥንቱ ላይ ስትጫነው ስል ሕመም ካለ ወይም መጋጠሚያው ወደ ጎን ከጤነኛው እጅ በላይ የሚላወስ ከሆነ ራጅ ተነሳ። ማንም ጣቱን ጎትቶ «ወደ ቦታው» እንዲመልስልህ አትፍቀድ። ጣቶችህ ላይ ቀለበት ካለም ዛሬውኑ አውልቅ፤ እብጠቱ ከጨመረ በኋላ ማውጣት ችግር ነው።

ቁርጡን በተመለከተ፣ ከቁርጡ በላይ ወደ ጥፍሩ ያለውን የጣት ጎን በጥጥ ነካ ነካ አድርገው። ከደነዘዘ ነርቭ ተነክቷል። አፉ የሚከፈት፣ መግል የያዘ፣ ቀይ መስመር ወደ ክንድ የሚወጣበት ቁስል ይዘህ ጠረጴዛ ጋ አትቅረብ። ጣቱ ከሥር እስከ ጫፍ እንደ ቋሊማ አብጦ፣ በትንሹ ታጥፎ፣ ሌላ ሰው ሲዘረጋው የሚያስጮህ ከሆነ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል መግባት አለብህ፤ የጅማት ሽፋን ኢንፌክሽን እጅን ያበላሻል። የቴታነስ ክትባትህንም አስታውስ፦ ንጹሕ ትንሽ ቁስል ከሆነ ከመጨረሻው ክትባት 10 ዓመት፣ ቆሻሻ ነገር የነካው ከሆነ 5 ዓመት ካለፈ ማደስ ይገባል።

ይህን ሁሉ ካለፍክ ወደ ጨዋታው እንምጣ።

ቀለበቱ አሁን ለምን አይሆንም? ስትሠራው ሌባ ጣትህ በስቲኩ ላይ ዞሮ አውራ ጣትህን ይነካል፤ የመሃል ጣትህ ጎን ደግሞ ግድግዳ ይሆንለታል። ስቲኩ ሌባ ጣትህን ከውስጥ እየፋቀ፣ የመሃል ጣትህን ወደ ጎን እየገፋ ይሄዳል። ሁለቱም ጉዳቶችህ ያሉት እዚሁ ላይ ነው። አንድ ምት ከመምታትህ በፊት 5 ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ ብትለማመድ፣ አንዱ ጉዞ 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በእያንዳንዱ ምት 1.5 ሜትር እንጨት ቁስልህ ላይ ይጎተታል። 60 ምት ብትመታ 90 ሜትር ነው። ፕላስተር ይህን አይችልም፤ ጠርዙ ይላላል፣ ይጠቀለላል፣ ሙጫው ስቲኩ ላይ ይቀራል፣ ከዚያ ስቲኩ ይያዝብህና ነጯ ኳስ ካሰብከው መስመር ትወጣለች። የፑል ጓንትም ከዚህ አያድንም። መንሸራተቱን ያሻሽላል፤ በመሃል ጣትህ ጎን ላይ ያለውን ግፊት ግን አንድ ግራም አይቀንስም።

ክፍት አቀማመጡ እንዲህ ነው። መዳፍህን ጨርቁ ላይ ዘርጋ፣ ጣቶችህን ክፈት። የጣቶችህን ሥር ትንሽ አንሳና የመዳፍህ ተረከዝ እንዳለ ተኝቶ ይቅር። አውራ ጣትህን ወደ ሌባ ጣትህ ሥር አስጠግተህ ጫፉን ወደ ላይ ቀና አድርግ። በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው ሸለቆ ነው የስቲኩ መንገድ። ሸለቆው ከሌባ ጣትህ ሥር ስለሆነ መካከለኛው መጋጠሚያ አጠገብ ያለውን ቁርጥ ስቲኩ አይነካውም። ክብደቱን የሚሸከሙት የመዳፍ ተረከዝ፣ የሌባ ጣት ጫፍና የትንሿ ጣት ጫፍ ናቸው፤ የመሃል ጣትህ ተኝቶ መከተል ብቻ ነው ሥራው። ነጯን ከታች ለመምታት ስትፈልግ የጣቶችህን ሥር ዝቅ አድርግ፤ ከላይ ለመምታት ጣቶችህን ወደ ራስህ ሰብስበህ ከፍ አድርግ። ክፍት እጅ የጀማሪ ነው የሚለውን ወሬ አትስማ፤ የስኑከር ተጫዋቾች ሁሉ ማለት ይቻላል የሚመቱት በዚሁ ነው።

አስተሳሰሩም ለዚህ እንዲመች ይሁን። የመሃል ጣትህን ከቀለበት ጣትህ ጋር እሰረው፤ ሌባ ጣትህ ቁስል ስላለበት ለጎረቤትነት አይሆንም። በሁለቱ ጣቶች መካከል ላብ እንዳያበሰብሰው ስስ ጋዝ አስገባ። ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት የጨርቅ ፕላስተሮች ይበቃሉ፦ አንዱ ከጣቱ ሥር እስከ መካከለኛው መጋጠሚያ ባለው አጥንት ላይ፣ ሌላው ከመካከለኛው መጋጠሚያ እስከ ጫፉ መጋጠሚያ ባለው ላይ። መጋጠሚያዎቹ ራሳቸው አይሸፈኑ፤ መታጠፍ አለባቸው። የጣቶቹ ሆድም ባዶ ይሁን፤ ፕላስተር ጨርቁ ላይ ይንሸራተታልና ስትመታ እጅህ ከሥርህ ይሸሻል። ካሰርክ በኋላ ጥፍሩን ተጫንና ልቀቀው፤ በ2 ሰከንድ ውስጥ ቀላ ካላለ ጠብቋል። ሁለቱን የታሰሩ ጣቶች እንደ አንድ እግር ቁጠራቸው። ጨዋታ ባይኖርም እንኳ ቢያንስ ለ3 ሳምንት በእንቅስቃሴ ጊዜ አስሮ መቆየት ጥሩ ነው።

ለቁርጡ ጣቱን የማያጨናንቅ ቀጭን ፕላስተር በቂ ነው። ቁስሉ ንጹሕ፣ ደረቅና የተዘጋ ከሆነ ለቆዳ የተሠራ ፈሳሽ ማጣበቂያም ይሆናል፤ ለጫማና ለእንጨት የሚሸጠውን ግን እንዳትሞክረው። ሳይሸፈን ግን አትጫወት፣ የስቲኩ ጫፍ ላይ በሚቀባው ቾክ ምክንያት። የቢሊያርድ ቾክ ከስሙ በስተቀር ጠመኔ አይደለም። በ1897 (እ.ኤ.አ.) የቢሊያርድ ተጫዋቹ ስፒንክስና ኬሚስቱ ሆስኪንስ የባለቤትነት መብት ካወጡበት ጊዜ ጀምሮ ዋና ዋናዎቹ ንጥረ ነገሮቹ ሲሊካና አሉሚኒየም ኦክሳይድ ናቸው፤ አሉሚኒየም ኦክሳይድ የብርጭቆ ወረቀት የሚሠራበት ነገር ነው። ያ ሰማያዊ ብናኝ ቁስል ውስጥ ከገባ ይፍቃል፣ ያቆሽሻል። ስቲኩን በግራ ክንድህ ብብት ደግፈህ ቾኩን በቀኝህ ቀባ። የሚያንሸራትት ዱቄት የምትጠቀም ከሆነ ከቁስሉ አርቀው። ጨዋታው ሲያልቅ በሳሙናና በውሃ ታጠብና አዲስ ፕላስተር ለጥፍ።

ከቀለበት ወደ ክፍት እጅ የሚሄድ ሰው የሚቸገርባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ ከላይ የሚይዘው ስለሌለ ስቲኩ በምቱ መጨረሻ ብድግ ይላል። የኋላውን ጫፍ ዝቅ አድርገህ ስቲኩን የተቻለህን ያህል አግድም አድርገው፤ ከፊት እጅህ እስከ ነጯ ያለውን ርቀትም ከለመድከው 20 ወይም 25 ሴንቲ ሜትር ወደ 15 እስከ 18 አሳጥረው። ሁለተኛው፣ ሸለቆው ሰፊ ከሆነ ስቲኩ ይዋልላል፤ አውራ ጣትህን ወደ ሌባ ጣትህ አጥብቀህ አስጠጋው።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከፋል፣ ምክንያቱም አይታይም። የግራ እጅህ ሲያምህ ቀኝ እጅህ ይጨብጣል። ሕመሙ የመጣው ከፊት ነው፤ የሚሳተው ምት ግን ከኋላ ነው የሚመጣው። ሰው «ጣቴ አመመኝና ሳትኩ» ይላል፣ በእርግጥ የሆነው ግን ጡጫው ጠብቆ የእጅ አንጓው ተጠምዞ ስቲኩ ወደ አንድ ጎን መሄዱ ነው። ቀጥ ያሉ ቀላል ምቶችን ደጋግመህ በአንድ ጎን ብቻ ከሳትክ እሱ ነው። የስቲኩ ጫፍ ቆዳ ነጯን የሚነካት ለአንድ ሺህኛ ሰከንድ ገደማ ብቻ ስለሆነ በዚያ ቅጽበት መጨበጥ የሚጨምርልህ ኃይል የለም። ከእያንዳንዱ ምት በፊት የቀኝ እጅህን የመጨረሻ ሁለት ጣቶች ከፍተህ መልሰህ አሳርፋቸው። ከኋላህ ቆሞ በስልክ የሚቀርጽህ ሰው ካገኘህ የጣቶችህ አንጓዎች መንጣታቸውን በቪዲዮው ታየዋለህ።

አንዳንድ ምቶችን ደግሞ መተው ነው። ነጯ ከጠርዙ ጋር ተጣብቃ ስትቀር እጅህ የሚያርፈው በጣት ጫፎች ብቻ ነው፤ ኳስ አሻግረህ ስትመታ ደግሞ ጣቶችህ እንደ ወንበር እግር ቆመው ሙሉውን ክብደት በታጠፉ መጋጠሚያዎች ላይ ይሸከማሉ። ሁለተኛው ለአንተ የተከለከለ ነው። ሬስቱን (በእጅ ፈንታ ስቲኩን ከፊት የሚደግፈውን ረጅም እንጨት) አውጣ፣ አትፈር። እንጨቱን ጨርቁ ላይ አስተኝተህ በግራ መዳፍህ ተጫነው፤ ጣቶችህ መጨበጥ የለባቸውም። ስቲኩን ከኋላ ጫፉ በሦስት ጣት እንደ እስክሪብቶ ያዝ፣ ክርንህን ወደ ጎን አውጣ፣ አጭር ምት ምታ። ከፍታ ካነሰህ በዓለም አቀፉ የፑል ሕግ እስከ ሁለት ሬስት መደራረብ ይፈቀዳል። ጓንትም ይፈቀዳል። ነጯን የሚያዘልል ምትና ስቲኩን አቁሞ የሚመታ ጠማማ ምት ግን ለዚህ ግጥሚያ እርሳቸው።

ብሬኩ (የጨዋታው መክፈቻ ምት) ላይ ተጠንቀቅ። ብዙ ሰው እጁን ጠርዙ ላይ አድርጎ ስቲኩን በሌባ ጣቱና በመሃል ጣቱ መካከል አሳልፎ ይመታል። ያ በቀጥታ የመሃል ጣትህን ወደ ጎን የሚገፋው ነው፣ ያውም በሙሉ ኃይል። ነጯን ወደፊት አምጣትና እጅህ ጨርቁ ላይ ይረፍ። ቦታው ሰፊ ነው፤ በ9 ጫማ ጠረጴዛ ላይ የብሬኩ መስመር ከኋላው ጠርዝ 63.5 ሴንቲ ሜትር፣ በ7 ጫማው ላይ 49.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ነጯ ከመስመሩ በስተኋላ እስከሆነች ድረስ ሕግ አልጣስክም። ኃይሉን ከወትሮው ሲሶውን ቀንሰህ መሃል ለመሃል ምታ። ፍጥነት ከመፈለግ ይልቅ ነጯ ጠረጴዛው መሃል እንድትቆም ማድረግ ለተጎዳ እጅ ይበልጥ ይጠቅማል፣ ቀጣዩን ምት ያለ ሬስት ትመታዋለህና።

ከምቱ ውጭ የሚደርስ ጉዳትም አለ። ኳሶቹን ሦስት ማዕዘኑ ውስጥ ስትደረድር በግራ ጣቶችህ ጫፍ ወደፊት አትግፋቸው፤ በቀኝህ አድርገው። ሌላ ኳስ እየተንከባለለ እያለ ግራ እጅህን ወደ ቀዳዳው አታስገባ፤ የአንዱ ኳስ ክብደት 160 ግራም ገደማ ነው፣ ያበጠ መጋጠሚያ ላይ ሲያርፍ ሌላ ሳምንት ያስጨምርሃል።

ስድስቱን ቀን እንዲህ ተጠቀምባቸው። ዛሬ አትጫወት። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ10 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። በመካከሉ ጣቱን ቀስ ብለህ 10 ጊዜ እጠፍ፣ ዘርጋ፤ ይህ መጋጠሚያ ዝም ካሉት ቶሎ የሚገትር ነው። ነገ 20 ደቂቃ በክፍት እጅ፣ ለስላሳ ምቶች ብቻ። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን 40 ደቂቃ፣ ከፍ ያለ ኃይል ጨምር፣ ሬስቱንም ተለማመድ። በአምስተኛው አርፍ። የልምምዱ መለኪያ አንድ ነው፦ ነጯን ከብሬኩ መስመር መሃል ላይ አድርገህ ቀጥ ብላ ሄዳ ከፊት ለፊቱ ጠርዝ ነጥራ ወደ ስቲክህ ጫፍ እንድትመለስ ምታት። ከ10 ምቶች 7ቱ ከተመለሱ አዲሱ አቀማመጥ ይዞሃል።

ሕመሙን ከ10 ቁጠረው። ሲጫወቱ እስከ 3 ድረስ ይሁን፤ በማግሥቱ ጠዋት ግን ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። እብጠቱን በዓይን አትገምት። ዛሬ ጠዋት በመጋጠሚያው ዙሪያ ክር ሳታጠብቅ፣ ሳታላላ አዙረህ የተገናኘበትን በእስክሪብቶ ምልክት አድርግ፤ በየጠዋቱ በዚያው ክር ለካ። ክሩ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ካጠረው ትናንት አብዝተሃል፣ ዛሬ አርፍ። የጣት መጋጠሚያ ሕመሙ ከጠፋ በኋላም ለወራት ወፈር ብሎ ስለሚቆይ ካለበት አለመጉደሉ አያስደንግጥህ፤ የምትከታተለው መጨመሩን ነው። ማስታገሻ ከጨዋታ በኋላ መውሰድ ይቻላል፣ ጨጓራ ወይም ኩላሊት የሚያምህ ከሆነ ኢቡፕሮፌን አይሁን። ለመጫወት ብለህ ቀድመህ የምትውጠው ግን ከክሩም ከቁጥሩም ይሰውርሃል።

ጉዳቱ በሚመታው እጅ ላይ ለሆነ አንባቢ ነገሩ ይለያል። ያ እጅ ግማሽ ኪሎ የሚያልፍ ስቲክ ያወዛውዛል እንጂ ክብደት አይሸከምም፤ ስለዚህ የተጎዳውን ጣት አንሥቶ በቀሩት መያዝ አብዛኛውን ጊዜ ይሆናል። ከመሃል ጣት ሌላ ጣት ከተጎዳ በአውራ ጣትና በመሃል ጣት ብቻ ስቲኩን እንደ ዥዋዥዌ ማንጠልጠል ይቻላል። መያዣው ላይ ወፈር ያለ የጎማ ሽፋን ማጥለቅ የመጨበጡን ኃይል ይቀንሳል። አውራ ጣት ሲጎዳ ግን ከባድ ነው፤ በተለይ ወድቆ የተመታ ሰው በአውራ ጣት ሥር በእጅ አንጓው ጉድጓድ ውስጥ ሲጫነው የሚያመው ከሆነ የተሰበረ ትንሽ አጥንት ሊኖር ይችላል። የመጀመሪያው ራጅ ላያሳየው ስለሚችል ከ10 እስከ 14 ቀን በኋላ ይደገማል፤ እስከዚያ አይጫወትም። እጅ መቀየርም አማራጭ ነው፤ የስኑከር ተጫዋቹ ሮኒ ኦሱሊቫን በሁለቱም እጆቹ ይመታል፣ እሱ ግን ዓመታት ያለማመደው ነው። አንተ በሌላው እጅህ መምታት ያለብህ ቀዳዳ አፍ ላይ የቆመ ኳስ ብቻ ነው።

ወደ ቀለበቱ የምትመለሰው ሁለት ነገር ሲሟላ ነው፦ የሌባ ጣትህ ቆዳ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ፣ እንዲህ ላለ ትንሽ ቁርጥ ከ7 እስከ 10 ቀን ገደማ፣ እና የመሃል ጣትህን ጎን በቀኝ አውራ ጣትህ ስትገፋው ከጤነኛው እጅ የተለየ ስሜት ሳይኖር ሲቀር። የቀደመው ብቻ ከተሟላ ለለስላሳ ምቶች ሞክረው፣ ለብሬክ ግን ገና ነህ።